አራት ነጥብ ሰባት

ጥር 4፣ ሰኞ

ነገሩን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። በኋላ ሐሳቤ ቢበታተን እንኳ መነሻው እንዳይጠፋኝ።

ነሐሴ 19፦ እህቴ ባልዲ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ጀርባዋ ተሰበረ። በራጅ ሲታይ የተሰበረው አንድ የአከርካሪ አጥንት ነው።

መስከረም 3፦ የመቅኔ ምርመራዋ ውጤት መጣ። መልቲፕል ማይሎማ፣ ከመቅኔ የሚነሳ የደም ካንሰር።

መስከረም 11፦ የካንሰሩን እንክብል መውሰድ ጀመረች።

ታኅሣሥ 20፦ በምሠራበት የሆስፒታል ክፍል ካሉት ሁለት የደም መለያ ማሽኖች አንዱ ቆመ። መለዋወጫ ታዘዘ።

ታኅሣሥ 24፦ ዋና ሐኪሙ ሰበሰቡን። ባለፈው ዓመት ግንደ ሕዋስ ልንሰበስብላቸው ከሞከርናቸው ሃምሳ የማይሎማ ሕሙማን፣ በመጀመሪያው ሙከራ በቂ ያገኘንላቸው ሠላሳ ብቻ ናቸው። አሠራሩን እንዳሻሽል እኔ ተመደብኩ።

ጥር 2፦ እህቴ አራተኛውን ዙር ሕክምና ጨረሰች። ሕዋሷን ለመሰብሰብ ትክክለኛው ጊዜ አሁን ነው።

ጥር 4፦ አዲሱ አሠራር ሥራ ላይ ዋለ።

የሥራችን ጭብጥ ቀላል ነው። ሕመምተኛው በሽታውን ከሥሩ የሚመታውን ከባድ መድኃኒት ከመውሰዱ በፊት፣ ደምን የሚሠራው ግንደ ሕዋስ ከራሱ ደም ተለይቶ ይወጣና በበረዶ ይቆይለታል፤ በኋላ ይመለስለታል። ሕዋሱ ግን መኖሪያው መቅኔ ውስጥ ስለሆነ በማነቃቂያ መርፌ ወደ ደም እንዲወጣ እናባብለዋለን። በአራተኛው ቀን ጠዋት ደም ይወሰድና በአንድ ማይክሮሊትር ውስጥ ስንት ግንደ ሕዋስ እንዳለ ይቆጠራል። ቁጥሩ ከበቃ በማግስቱ ሰውየው ማሽኑ ላይ ይተኛል። ካልበቃ፣ እኛ ማስለቀቂያ የምንለው ሌላ መርፌ አለ፤ በዚያው ምሽት መሰጠት አለበት። እሱ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ዛሬ መደርደሪያው ላይ ያለው ስድስት ብልቃጥ ነው።

ሦስት ነገር ለውጫለሁ። አንደኛ፣ ናሙና እንደ ቀድሞው ሁለት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል። ሁለተኛ፣ ማስለቀቂያው የሚሰጠው ቁጥሩ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ለሆነ ሰው ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው አያስፈልገውም፣ ከዚያ በታች የሆነው ሳይሰበሰብለት ይመለሳል። ሦስተኛ፣ የማሽን ቀን የሚያዘው ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ነው።

አምስትን ያለ ምክንያት አልመረጥኩም። ባለፈው ዓመት ከአምስት በታች ሆነው ማስለቀቂያውን ከወሰዱት አሥራ አንድ ሰዎች በቂ ሕዋስ የሰጡት ሁለት ናቸው። ዘጠኝ ብልቃጥ ያለ ፍሬ ፈሰሰ። መስመር ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ መሰመር አለበት።

ጥር 6፣ ረቡዕ

በኮሪደሩ ሳልፍ የላብራቶሪው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ቴክኒሻኗን ሁሉም ሰው «ሁለቴ» ነው የሚላት፤ አንድን ናሙና ሁለት ጊዜ ሳታነብ ውጤት ጽፋ አታውቅም ነበር። ነርሷ ስትነካካት ሰማሁ።

«እንግዲህ ስምሽን ቀይሪ። ከሰኞ ጀምሮ አንዴ ነሽ።»

«ተዪኝ እስቲ። እኔ ቤቴን ቆልፌ እንኳ ከደረጃ ተመልሼ በሩን ገፋ አድርጌ የማይ ሰው ነኝ።»

«ለዛ ነዋ ሁሌ የምታረፍጂው።»

«ዶክ ልክ ነው፣ ወረፋው ፋታ አይሰጥም። ግን አንዴ ያየሁትን ቁጥር ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።»

የእጅ መክበድ መለኪያ አይደለም። ሁለቱ ንባቦች የተለያዩበትን ጊዜ ሁሉ ቆጥሬያለሁ። ውሳኔ የሚያስቀይር ልዩነት የታየው ከሃምሳው በሦስቱ ላይ ብቻ ነው። ሦስቱም ለመስመሩ እጅግ የቀረቡ ነበሩ። ይህንንም በሰነዱ የግርጌ ማስታወሻ ላይ አስፍሬዋለሁ፤ አልደበቅኩትም።

ጥር 17፣ እሑድ

እህቴ እታለም ዘንድ ዋልኩ። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ እሷ ሃያ። ሠላሳ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ባል አላገባችም፤ ምክንያቱን ጠይቄያት አላውቅም።

በሩን ስትከፍት በአንድ እጇ የግድግዳውን ጠርዝ ይዛ ነበር።

«ሚዛኔ፣ መጣህ? ጫማህን አታውልቅ፣ ወለሉ በረዶ ነው።»

በልጅነቴ ዳቦ ስንካፈል ሁለቱን ቁራሽ በሁለት እጄ ይዤ ሳልመዝን አልበላም ነበር። ስሙ ከዚያ ነው የመጣው። ዛሬ አርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ እሷ አሁንም አልተወችውም።

«ተራዬ መቼ ሆነ?»

«መጋቢት 14 ቀን መርፌ ትጀምሪያለሽ።»

«ውይ፣ ሁለት ወር?»

«ያለን ማሽን አንድ ነው። ሌላኛው መለዋወጫ እየጠበቀ ነው።»

አገጯን ቀና አድርጋ የድሮ የሥራ ድምፅዋን አወጣች። «መስመሩ ተይዟል፤ ትንሽ ቆይተው ይደውሉ።» ከዚያ ሳቀችና ጎኗን ያዘች። «ሠላሳ ዓመት ለሰው ስለው ኖሬ፣ ይኸው ለራሴ ደረሰኝ።»

«እስከዚያ እንክብሉን ትቀጥያለሽ።»

«አይጎዳኝም?»

«በሽታውን ይይዘዋል» አልኳት።

እሷ የጠየቀችው ሌላ ነው። እንክብሉ በረዘመ ቁጥር መቅኔ ሕዋሱን ለመልቀቅ ይሰስታል። ከአራት ዙር በኋላ የሚሰበሰበው እየመነመነ እንደሚሄድ በአሠራሩ መግቢያ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብታቆመው ደግሞ በሽታው ይነሳል። ሁለቱን አመዛዝኜ ያገኘሁት መልስ መጠበቅ ነው። መጠበቅ መልስ ከሆነ።

ቅድሚያ እንዲሰጣት አልጠየቅኩም። ከፊቷ አሥራ አራት ሰዎች አሉ። ሁሉም የሆነ ሰው እህት ወይም ወንድም ናቸው።

ጥር 22፣ ዓርብ

አራት ሰው። እያንዳንዳቸው በአንድ በአንድ ቀን በቂ ሕዋስ ሰጡ። ላብራቶሪው ከቀትር በፊት ውጤት ያወጣል። አንድ ብልቃጥ ወጣ፤ አምስት ቀረ። መለዋወጫው አልመጣም።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ከእታለም ጋር ያለንን ዝምድና ለዋና ሐኪሙ በጽሑፍ አሳወቅሁ። ደብዳቤውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እህትህ ናት?»

«አዎ፣ ፕሮፌሰር።»

«ማሳወቅህ ተገቢ ነው። ውሳኔው ላይ ሌላ ሐኪም ይቀመጥ እንዳልል...» በመስኮቱ ወደ ግቢው አዩ፤ ሌላ ሐኪም እዚያ የሚያልፍ ይመስል። «ማን አለን?»

«እንደማንኛውም ታካሚ ትታያለች» አልኩ።

«እንደዚያ ነው የሚሻለው። ላንተም ለእኛም።»

ማታ ባለቤቴ ሳህን እያጠበች ጠየቀችኝ።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«እንደማንኛውም ታካሚ ትታይ አሉ።» ይህ በትክክል የሆነው አይደለም፤ መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ።

ፊቷን ሳታዞር፣ «እሷ ግን አንተን እንደማንኛውም ልጅ አላሳደገችህም» አለች፤ ውሃውንም ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው።

እኩል ማየት ትክክል መሆኑን ላስረዳት ጀምሬ ነበር። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

በአዲሱ አሠራር የመጀመሪያውን ሰው መለስኩ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ቁጥራቸው ሦስት ነጥብ ሁለት።

«ስንት ነበር የሚያስፈልገኝ?»

«አምስት።»

«አንድ ነጥብ ስምንት ጎደለኝ ማለት ነው።» በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ጻፉት። «ማሟያ ፈተና የለውም?»

«ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና መሞከር ይቻላል። የበሽታው ሁኔታ ከፈቀደ።»

«እሱ ይፈቅዳል ብለው ነው?»

ኮታቸውን እንዲለብሱ ያዝኩላቸው።

ሦስት ነጥብ ሁለት ሁለት ጊዜ ቢነበብም አምስት አይሆንም። ይህን ደግሜ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ውሳኔው ጠንካራ ነው።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

በተመላላሽ ክፍሉ በር ላይ አንድ ሰውዬ መንገዱን ዘግቶ ቆመ።

«ዶክተር፣ ረሱኝ እንዴ?»

አልረሳሁትም። የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ባለፈው ዓመት ከአምስት በታች ሆነው በቂ ሕዋስ ከሰጡት ሁለት ሰዎች አንዱ።

«ደህና ነህ?»

«ይኸው መሪዬን ጨብጫለሁ። ሚስቴ ቤት መዋሌን ለምዳው ነበር፣ አሁን ናፈቅከኝ ትላለች። ውሸቷን ነው፣ ሪሞቱ ነው የናፈቃት።» ሳቀ። «እኔ የምልዎት ዶክተር፣ ያን ጊዜ ቁጥሬ ስንት ነበር? ሲስተር ትንሽ ነው ብላ ፊቷን ስታጨማድድ አይቻለሁ።»

«አራት ነጥብ አንድ።»

«ትንሽ ነው?»

«ትንሽ ነው።»

«ለእኔስ በቅቶኛል።»

ከአሥራ አንድ ሁለት ማለት አሥራ ስምንት ከመቶ ነው። ዛሬ አሥራ ስምንት ከመቶ በኮሪደር ላይ ቆሞ እጄን ጨበጠኝ። መዳፉ ሻካራና ሙቅ ነበር። ዛሬ ቢመጣ ኖሮ አሠራሩ ይመልሰው ነበር። የምመልሰውም እኔ ነኝ።

አንድ ሰው በመትረፉ ሕግ አይፈርስም። ይህን መጻፍ ለምን እንዳስፈለገኝ አላውቅም።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

የማሽኑ መሐንዲስ መጣ። ይዞት የመጣውን መለዋወጫ ከማሸጊያው ፈታው፤ የሌላ ዓይነት ማሽን ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት» ብሎ ሄደ። የማስለቀቂያው አስመጪም «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል፤ ይህን ያለው ስድስት ጊዜ ነው። ሁለት ብልቃጥ ቀርቷል። ሁለቱም የአገልግሎት ጊዜያቸው የሚያበቃው መጋቢት 30 ነው።

እታለም ስድስተኛውን ዙር ልትጨርስ ነው።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

አንድ ታካሚ ትኩሳት ይዞት ተራው ክፍት ሆነ። በወረፋው ቀጣዩ ሰው ተጠራ። እታለም ሦስተኛ ነበረች። ነርሷ ስልኩን አንስታ ትንሽ ቆማ አየችኝ።

«በተራው ነው የምደውለው?»

«በተራው ነው።»

ደወለች።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

የመጀመሪያውን መርፌ ነርሷ ወጋቻት። እታለም እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ «ይሄ ነው ሁለት ወር ያስጠበቀኝ? ትንኝ እኮ ነው» አለች። ነርሷን አስቃ፣ የሁሉንም ስም ጠይቃ፣ ዘመድ ሆና ወጣች። እኔን «ዶክተር» እያለች ነበር የምትጠራኝ፤ ሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ወገቧንና የደረት አጥንቷን ያማታል። የሚጠበቅ ነው፤ መቅኔው እየተነቃቃ ነው ማለት ነው። እንዲህ ስላት፣ «አንድ ሰው አጥንቴ ውስጥ ሆኖ ዕቃ እየጎተተ ነው» አለች። ጥሩ ምልክት እንደሆነ ነገርኳት። ጥሩም መጥፎም ምልክት አይደለም።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ሦስተኛ መርፌ። ነገ ቆጠራ። ብልቃጡ ሁለት።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደም ተወሰደ። ከቀትር በፊት ላብራቶሪው ጠራኝ። ሁለቴ በማሽኑ ፊት ተቀምጣለች፤ ወረቀቱን አልሰጠችኝም፣ ወደ እስክሪኑ አመለከተች።

አራት ነጥብ ሰባት።

«ዶክ» አለች። «ናሙናው ከግማሽ በላይ ይቀራል።»

«አየሁት።»

«ልድገመው?»

«አሠራሩ አንድ ጊዜ ነው።»

«አሠራሩን አውቀዋለሁ። ልድገመው ወይ ነው ያልኩህ።»

የማሽኑ ስሕተት ከአሥር አንድ ገደማ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። አራት ነጥብ ሰባት ማለት ከአራት ነጥብ ሁለት እስከ አምስት ነጥብ ሁለት ያለ አንድ ቦታ ማለት ነው። ሁለተኛ ንባብ ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል፤ ወደ ታችም። ሁለተኛው ዝቅ ቢል ምን አደርጋለሁ? ሦስተኛ? የምፈልገውን ቁጥር እስካገኝ ድረስ ማንበብ መለካት አይባልም። በተጨማሪም የመምህሩን ናሙና አልደገምንም።

ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። «ሌሎቹን ቀጥዪ» ነው ያልኩት።

የናሙናውን ቱቦ አልጣለችውም። ክዳኑን አጥብቃ ከፊቷ ባለው መደርደሪያ ላይ አቆመችው፤ ለብቻው።

እታለም የመጠበቂያ ክፍሉ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ለነገ ነጠላ ጫማና የሚነበብ መጽሔት ይዛ መጥታለች።

«ስንት ሆነ?»

«አራት ነጥብ ሰባት።»

«ከስንት?»

«ከአምስት በላይ መሆን ነበረበት።»

«ነጥብ ሦስት?» ሁለት ጣቶቿን ልታገናኝ ጥቂት ሲቀራት ወደ ብርሃን አነሳች። «ይቺን ታክላለች?»

«በመጠን ማስረዳት ያስቸግራል።»

«የሚያስለቅቅ መርፌ አለ ብለህኝ አልነበር?»

«ለአምስትና ከዚያ በላይ ነው።»

«አልቆ ነው?»

«ሁለት አለ።»

ያን ጊዜ ሌላ ሰው ሊያገኛቸው እንደሚገባ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከአምስት እስከ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው እንደሚመጣ፣ ያ ሰው ከእሷ የበለጠ ዕድል እንዳለው ላስረዳት ይገባኝ ነበር። አላስፈለገም።

«ደንቡን ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«ጎበዝ» አለች። ስላቅ አልነበረውም። ፈተና አልፌ ስመጣ የምትለው «ጎበዝ» ነበር። ከዚያ ነጠላ ጫማውን ቦርሳዋ ውስጥ ወደ ታች ገፋችው። «በል ታክሲ አስቁምልኝ፤ ደረጃው ላይ ግን ያዘኝ።»

ማስለቀቂያው ለነገ እንዲሠራ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት መሰጠት አለበት። ሥራዬን በአሥራ አንድ ተኩል ጨርሼ ወደ መኪናዬ ወረድኩ። የላብራቶሪው መብራት በርቷል። ሁለቴ የምትወጣው በአሥር ሰዓት ነው። በመስኮቱ በኩል ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ እንደ እንግዳ ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ምንም እየሠራች አልነበረም።

መኪና ውስጥ ትንሽ ቆየሁ። ምን ያህል እንደሆነ አልለካሁም። ከዚያ ሞተሩን አስነሣሁ።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

ማሽኑ ዛሬ ባዶውን ዋለ። ተራው የእታለም ነበር፤ ሌላ ሰው በአንድ ሌሊት ማዘጋጀት አይቻልም። ይህንን የአሠራሩን ሦስተኛ ነጥብ ስጽፍ አላሰብኩበትም ነበር። ለማሻሻያ መዝግቤዋለሁ።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

ሁለቴ ውጤት ስታመጣልኝ፣ «ዶክተር፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለችኝ። እስካለፈው ሳምንት ድረስ «ዶክ፣ ፈርም» ነበር የምትለው። ጥፋት አላገኘሁባትም። ሥራዋ እንከን የለውም፤ አንድ ጊዜ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ትሰጣለች።

ለነርሷ ኮሪደር ላይ ስትነግራት ሰማሁ፦ «እኔ መጠየቅ ነበር የምችለው። ጠየቅኩ።»

መጋቢት 30፣ ረቡዕ

የጠበቅነው ሰው በዚህ ሁለት ሳምንት አልመጣም። ከመጡት አራት ሰዎች ሦስቱ ከአሥራ አምስት በላይ ነበሩ፤ አንዱ ከአምስት በታች ነው፣ መለስኩት። ፋርማሲስቱ ከቀትር በኋላ ካርቶን ይዞ መጣና ሁለቱን ብልቃጦች ወሰደ።

«አንድ ሰው እንኳ ሊወጋበት ይችል ነበር» አለ፤ ለማንም አልነበረም። እያነሳ ወደ ብርሃን አያቸው። «ያሳዝናል፤ ዛሬ እኮ ገና ደህና ነው። ከነገ ጀምሮ ነው ቆሻሻ የሚሆነው።»

እንዲያስወግዳቸው ፈረምኩ።

ሚያዝያ 6፣ ማክሰኞ

የሩብ ዓመቱን ሪፖርት አቀረብኩ። በአዲሱ አሠራር ከሰበሰብንላቸው ሃያ አንድ ሰዎች አሥራ ሰባቱ በመጀመሪያው ሙከራ በቂ ሰጥተዋል። ሰማንያ አንድ ከመቶ። ባለፈው ዓመት ስልሳ ነበር። ዋና ሐኪሙ ብድግ ብለው አጨበጨቡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ለሌሎች ሆስፒታሎች እንዲላክ ታዘዘ።

«ይህ ሰው» አሉ ትከሻዬን ይዘው፣ «በአንድ ማሽን የሁለት ማሽን ሥራ አሠራን።»

ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከቆጠራ በኋላ የመለስናቸው ስድስት ሰዎች በሃያ አንዱ ውስጥ የሉም፤ ሙከራ ስላልተደረገላቸው። ቢካተቱ ከሃያ ሰባት አሥራ ሰባት፣ ስልሳ ሦስት ከመቶ ይሆናል። ይህንንም በግርጌ ማስታወሻ አስፍሬዋለሁ። ስለ ግርጌ ማስታወሻው የጠየቀ ሰው የለም። ሁለቴ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ።

የቆመው ማሽን ዛሬ ተጠግኖ ሥራ ጀመረ።

ሚያዝያ 13፣ ማክሰኞ

የበሽታው ምልክት የሆነው የእታለም የደም ፕሮቲን በእጥፍ ጨምሯል። የራስ ቅሏ ላይና የጎን አጥንቷ ላይ አዲስ ቀዳዳዎች ታይተዋል። እንክብሉ በሽታውን መያዝ አቅቶታል። በሌላ መድኃኒት ሞክረን በሽታው ረገብ ቢል እንኳ፣ ያ መድኃኒት መቅኔዋን የበለጠ ስለሚጎዳው ሁለተኛ የመሰብሰብ ሙከራ አይታሰብም። ይህንን ለሌላ ታካሚ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በእነዚሁ ቃላት ነግሬያለሁ፤ ጥሩ ቃላት ናቸው፣ አያሻሙም።

አልጋዋ ላይ በሦስት ትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት። ገበያ ወጥቼ ትኩስ ዳቦ አምጥቼ ነበር። ቆርሼ ግማሹን ስሰጣት አይታኝ ሳቀች።

«አትመዝነውም?»

«ተዪኝ እታለም።»

«ታስታውሳለህ? እኩል ካልሆነ ታለቅስ ነበር። እንባህ ደግሞ አያልቅም።»

«እኩል ነበር እኮ። ሁሌ መዝኜ ነው የምበላው።»

«የት ነበር እኩል!» ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። «አንተ መዝነህ ስትጨርስ አንዷን ትመርጥና፣ ውሃ አምጣ ብዬ እልክህ ነበር። እስክትመጣ ከእኔዋ ቆርሼ ካንተዋ ሥር አስቀምጥልሃለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልነቃህም።»

«ሁልጊዜ?»

«አንተ ታድግ ነበራ። እኔ ጨርሻለሁ።»

የሰጠኋትን ዳቦ አልበላችውም። በጣቶቿ እየፈረፈረች ከአንሶላው ላይ ሰበሰበችው።

«እሱን ነገር» አለች ቆይታ፣ «ያቺን ነጥብ ሦስት... እንዲያው ዝም ብሎ ለማወቅ ነው። ማሽኑ አይሳሳትም አይደል?»

«ጥቂት ይሳሳታል።»

«ታዲያ ደግመው አዩት?»

ቴክኒሻኗ እጅግ ጠንቃቃ ሴት እንደሆነች ነገርኳት። ሁለቴ እንደሚሏትም ነገርኳት።

«ጥሩ» አለች፤ ዓይኗን ጨፈነች። «እንዲያ ከሆነ ምን ይደረጋል።»

ይህን የጻፍኩት የተናገርኩት ነገር ሁሉ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለየብቻው እውነት ነው።

ሚያዝያ 18፣ እሑድ

ባለቤቴ ከእታለም ጋር እያደረች ነው። እኔ ልብስ ልወስድ መጥቼ ነው፤ ቶሎ መመለስ አለብኝ። አሁን በቀን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ትተኛለች። ስትነቃ አንዳንዴ ስልክ የምታገናኝ ይመስላታል፤ «ማንን ላቅርብልዎ?» ትላለች። መልስ እሰጣታለሁ፤ የራሴን ስም እነግራታለሁ። «መስመር ላይ ይቆዩ» ትለኛለች።

ነገሩን በቅደም ተከተል አስቀምጬ ልዝጋው።

መጋቢት 17፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፦ ደም ተወሰደ።

በዚያው ዕለት ከቀትር በፊት፦ አንድ ጊዜ ተነበበ። አራት ነጥብ ሰባት።

በዚያው ዕለት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት፦ ሁለት ብልቃጥ ማስለቀቂያ መደርደሪያ ላይ ነበር። ቴክኒሻኗ ካፖርቷን ለብሳ ወንበሯ ላይ ነበረች። የቀረው ናሙና በቱቦው ውስጥ፣ ክዳኑ ተከድኖ፣ ከፊቷ ነበር። ለሌላ ንባብ የሚበቃ ነበር።

ሁለተኛ ጊዜ አላነበብነውም።